ባዶውን አትንኩ

በደም ባንኩ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራውን ሴት ባልደረቦቿ «ቆጣሪ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ያለ ምክንያት አይደለም። ደረጃውን በወጣች ቁጥር ትቆጥረዋለች፤ ሃያ ሁለት ነው፤ እስካሁን አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም። ባሏ ከገበያ የሚያመጣውን ሎሚ ሳይቀር ትቆጥራለች። ባልየውም ከለመደው ቆይቷል፤ «አስራ አንድ ነው፣ አንዱን መንገድ ላይ መጥጬዋለሁ» ብሎ ሳይጠየቅ ይናዘዛል። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው እዚሁ ቤት ነው። የጀመረችው ምድር ቤት ውስጥ ካርድ በመፈለግ ነበር። ኮምፒውተር ሲገባ ሌሎቹ ሲሸሹት እሷ ቀረበችው።

ከአስራ አራት ዓመት በፊት በገዛ እጇ አንድ መፈለጊያ ሠራች። የደም ዓይነት ይጻፍለታል፤ እሱ ደግሞ ከዳታቤዙ ውስጥ ያ ዓይነት ደም ያላቸውን፣ ከሰጡም ሦስት ወር ያለፋቸውን ሰዎች ከነስልካቸው ይዘረዝራል። ማንም አላስተማራትም። ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ላይ እያየች፣ እየተሳሳተች፣ ኮምፒውተሩን እየተሳደበች ነው የሠራችው። በዚያ መፈለጊያ ስንት ሰው እንደተረፈ ግን አልቆጠረችም። እሱን ብቻ መቁጠር አልቻለችም።

አሁን መፈለጊያው አርጅቷል። አንድ ዝርዝር ለማውጣት ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል። የተቀመጠበት ሰርቨርም በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ላይመለስ ሊጠፋ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አዲስ የሚሠራ ሰው ከውጭ እንቅጠር ቢላት፣ «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» ብላ አፉን አስያዘችው። ማታ ለልጇ ይህንኑ ስታወራላት፣ ልጅቷ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ከፍታ አሳየቻት።

«እማዬ፣ እንደ ሰው አናግሪው። ግን ያለሽን ሁሉ እሺ አትበይው፣ የሠራውን እያየሽ።»

ምክሩ ለቆጣሪ አላስፈለጋትም። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው የሰውን ሥራ እያየች ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሻይ ብርጭቆዋን ከኪቦርዱ ራቅ አድርጋ ሥራ ጀመረች። የድሮውን ኮድ ሰጠችው፤ የምትፈልገውንም በግልጽ ነገረችው። ረዳቱ ቶሎ ይጽፋል፤ ያልገባውን ደግሞ ይጠይቃል፤ ይህ ጠባዩ ደስ አላት። አንዳንድ ቦታ «ይህን እንዴት አሰቡት?» ብሎ ሲያደንቃት፣ «ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ» ብላ ጻፈችለት፤ ግን ፈገግ ብላለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ አንድ ማስታወሻ ተጽፏል፤ ‹ባዶውን አትንኩ› ይላል። ከሥሩ ያለው ትእዛዝ፣ ደም የሰጡበት ቀን ያልተሞላላቸውን ሰዎችም ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባል። ምክንያቱ ግን አልተገለጸም። ይቆይ ወይስ ይውጣ?»

ማስታወሻው የራሷ ነው። ለምን እንደጻፈችው ግን ጭራሽ አልመጣላትም። ቀኑ ባዶ ከሆነ ሰውየው ደም አልሰጠም ማለት ነው፤ ደም ያልሰጠ ሰው ደግሞ ደም ሰጪ ተብሎ አይመዘገብም። የቤቱ ደንብም የሚለው ይህንኑ ነው።

«አውጣው» አለችው፣ ያለ አንዳች ማመንታት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ መፈለጊያ ሥራ ጀመረ። ሰባት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሁለት ሰከንድ አልሞላውም። ቆጣሪ ወንበሯን ደገፍ ብላ ስክሪኑን አየችው። በራሷ ኮራች፤ ለምን አትኮራ?

ኩራቷን በወጉ ሳታጣጥመው፣ ሰጪዎችን በስልክ የምትጠራው ወጣት ነርስ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ከትልቁ ሆስፒታል ተደውሎላት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ነገ ጠዋት በቀዶ ጥገና ትወልዳለች። ደሟ ኦ ኔጋቲቭ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ብዙ ሊፈሳት ስለሚችል ሐኪሞቹ ሦስት ከረጢት ደም አጠገባቸው ሳይቀመጥ አንጀምርም ብለዋል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሁለት ነው። የሚሰጠው ደም ተመርምሮ እንዲደርስ ሰጪው ቢዘገይ እስከ ስምንት ሰዓት መምጣት አለበት።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን፣ እትዬ» አለች ነርሷ።

ቆጣሪ «አንድ ሰውማ አናጣም» አለችና አዲሱን መፈለጊያ ጠየቀችው። አስራ አንድ ሰው ወጣ። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ እዚያው ክፍል ውስጥ ስልኩ ላይ ተጣደች።

ቆጣሪ በበኩሏ ልማዷን አልተወችም። አንድ ነገር ስትቀይር የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን ሳትቆጥር ነፍሷ አይረጋም። አሮጌውን መፈለጊያ ለመጨረሻ ጊዜ አስነሳችውና ያንኑ ጠየቀችው። ያን ቀን ጭራሽ ብሶበት ሁለት ጊዜ ቀጥ አለ፤ ሁለት ጊዜም እንደ አዲስ አስጀመረችው። ዝርዝሩን እስኪያወጣ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ነርሷም ስልኩን ዘጋች።

«አራቱ ስልካቸው ዝግ ነው። ሦስቱ ከከተማ ወጥተዋል። አንዷ ታጠባለች፣ አንዱ መድኃኒት ላይ ነው፣ አንዱ ደግሞ ከነገ በፊት አይመቸኝም አለ። የአንዱን ቁጥር አሁን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ምን እንደበላ እንጃ፣ ሰድቦ ዘጋብኝ።» ነርሷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ምን ይሻላል?»

ቆጣሪ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች ትቆጥራለች።

«አስራ አራት» አለች።

«እትዬ፣ አስራ አንድ ነው እኮ የደወልኩት።»

«እሱ አዲሱ ነው። አሮጌው አስራ አራት ይላል።»

ሁለቱን ዝርዝሮች ለረዳቱ ሰጠችና ልዩነቱን ጠየቀችው። ሦስቱን ሰዎች ወዲያው ለየላት። «ሦስቱም ደም የሰጡበት ቀን ባዶ ነው። ጠዋት ‹ባዶውን አትንኩ› የሚለውን ስናወጣ ነው ከዝርዝሩ የወጡት» አላት።

«ስናወጣ? አንተስ ጨዋ ነህ። ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። ፊቷ ጋለ፤ አፈረች። ደግነቱ ለማፈር የሚሆን ሰፊ ጊዜ አልነበራትም።

የመጀመሪያው ሰው ስልክ የለውም። ሁለተኛው አድራሻው ሌላ ከተማ ነው። የሦስተኛውን ስም አንብባ አላወቀችውም። የሥራ ቦታው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ «እዚሁ ግቢ፣ ዋናው በር» ይላል። ደግማ አነበበችው። ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ባንድ መጣላት።

የበሩን ጥበቃ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ቁመናውና ሰላምታ አሰጣጡ «ጄኔራሉ» አሰኝቶት ቀርቷል። በተቀጠረ በወሩ ሠራተኛው ሁሉ ደም ሲሰጥ እሱም ገባ። ጣቱን ተወግቶ የደሙ ዓይነት ሲታወቅ ቤቱ በደስታ ተሞላ። ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ትልቁን መርፌ ሲያየው ግን ባርኔጣውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። የያኔዋ ዋና ነርስ ከመዝገብ ይሰረዝ ስትል ቆጣሪ እምቢ አለች። «ፈራ እንጂ ደሙ አልተቀየረም» ብላ ተከራከረች፤ ያንኑ ቀን ያቺን ማስታወሻ ጻፈች። ምክንያቱን መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ማን ይረሳዋል ብላ ነዋ።

ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወረደች። ጄኔራሉ በሩ ላይ ቆሞ ለአንድ መኪና መንገድ ያሳያል። እስኪጨርስ ጠበቀችና ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሌላ ሰው የለም?»

«አስራ አንድ ሰው ተደውሎለታል።»

«እና አስራ ሁለተኛው እኔ ነኝ?»

«አስራ አራተኛው። ከመሐል ያሉትንም አይቻለሁ።»

«ስሚኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌባ ከሆነ አምጪልኝ። ቢላ የመዘዘ ሰው በባዶ እጄ ይዣለሁ፣ ራስሽ አይተሻል። መርፌዋን ሳይ ግን እግሬ የኔ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ታያታለህ? ዓይንህን ጨፍን፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ እቆጥራለሁ።»

«እስከ ስንት?»

«እስኪያልቅ።»

ጄኔራሉ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ለባልደረባው ሰጠና ተከተላት።

ግፊቱ ተለካ፣ ጣቱ ተወጋ፣ ሁሉም ደህና ሆነ። ወንበሩ ላይ ሲጋደም ላብ አጥምቆታል። «ጋሼ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» አለችው ነርሷ። ቆጣሪ እጁን ይዛ «አንድ» ብላ ጀመረች። «አራት» ስትል ጣቶቿን አጥብቆ ጨመቃቸው፤ አመማት፤ ግን አልተወችም። መቶ ሲደርስ ትንፋሹ ተስተካከለ። ሁለት መቶን እንዳለፈች አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«ሁለት መቶ አስራ ሁለትን ዘለልሽ።»

«አልዘለልኩም።»

«ዘለልሽ እንጂ።»

«እኔ? ቁጥር?» ብላ ቀጠለች። አራት መቶ ሰባ ላይ ነርሷ «አለቀ» አለች። ጄኔራሉ ከረጢቱን በጎን አየት አድርጎ፣ «ይህችን ለምታህል ነገር ነው የፈራሁት?» አለ።

ቆጣሪ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ረዳቱን፣ «መስመሩን መልሰው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው። መለሰውና ምክንያቱን ልጻፍበት ወይ ብሎ ጠየቃት። «እሱን እኔው» ብላ ራሷ ጻፈችው፦ «ባዶውን አትንኩ። ቀኑ ባዶ የሆነው ሰውየው ፈርቶ ስለሄደ ነው፤ ደሙ አልተቀየረም። ደውሉለት፤ ሲመጣም እጁን ያዙት።»

ከዚያ አዲሱን መፈለጊያ እንደገና ጠየቀችው። አስራ ሦስት ሰው ወጣ። የጎደለው ጄኔራሉ ነው፤ ዛሬ ስለሰጠ ለሦስት ወር አይጠራም። ልክ ነው። አስር ሰዓት ላይ ኃላፊው ደውሎ፣ «አሮጌውን ላጥፋው?» ሲላት፣ «አጥፋው» አለችው። ይህን ጊዜ ቆጥራ ጨርሳለች።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ ተደወለ። ሴት ልጅ ተወልዳለች። እናትየዋ ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ ሦስቱም ከረጢት ገብቶላት አሁን ደህና ናት። ነርሷ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። ቆጣሪ ደረጃውን ሳትቆጥር ወረደች።

ጄኔራሉ በዚያ ብርድ የሸሚዙን አንድ እጅጌ ጠቅልሎ፣ የትናንቱን ፕላስተር ሳያነሳ በሩ ላይ ቆሟል። ነገረችው። መንገድ መንገዱን አየ፤ በመሐረብ አፍንጫውን ጠረገ።

«ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ሰጥቼ?»

«ስለሰጠህ ነው የወጣኸው። ሰማንያ ዘጠኝ ቀን ቀርቶሃል።»

ትንሽ አሰበና ባርኔጣውን አስተካከለ።

«እንግዲያው ያን ቀን የዓመት ፈቃድ እንዳትወጪ» አላት።