ከአማቴ እጅ የተቀበልኋቸው ጥይቶች

ይህን የጥይት ቋጠሮ ከማን ሣጥን እንዳወጣችሁት አልጠይቃችሁም። የአባታችሁ ይሁን የአያታችሁ፣ እዚሁ ፊታችሁ አንድ በአንድ አየዋለሁ። የሚቀየም ይቀየም! እኔ አንድ ጊዜ ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ዝም በማለቴ የሚስቴን ወንድም አካለ ጎዶሎ አድርጌዋለሁ።

ወሩ ኅዳር ነው። ከየጁቤ ቁልቁል ዓባይ በረሃ ውስጥ ማሽላው ሊታጨድ ሲል ከርከሮ ቀድሞ ያጭደው ጀመር። እኔና የሚስቴ ወንድም ሙላት ልንወርድ ተነሣን። ሁለታችንም የያዝነው አሮጌ ቤልጅግ ጠመንጃ ነው። ጥይት የነበረኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ሁለት ፍሬ። አማቴ አያ ጫኔ ይህን ሲሰሙ ከሣጥናቸው አምስት ጥይት አወጡ።

«ከአባቴ ዝናር የቀረ ነው። የቤልጅግ ነው፤ እንካችሁ» አሉን።

አንዱን ስቀበል ጣቴ ጠረጠረ። የቀለሁ አንገት ከለመድሁት አጠር ይላል፤ ቂጡ ላይ ያለው ጽሑፍም ተፍቋል። የሌላ ሰው ቢሆን ጥይቱን ገልብጬ በባዶው ጠመንጃ አፈሙዝ እሰካው ነበር። እርሳሱ እስከ ቀለሁ አፍ ከሰመጠ ለዚያ ጠመንጃ ቀጭን ነው፣ ቢተኩሱትም ጉልበት አያገኝም፤ ፈተናው ይኸው ነው። አማት የሰጡህን ፊታቸው መፈተን ግን «ዋሽተዋል» እንደማለት ነው። ይሉኝታ ያዘኝና እጅ ነሥቼ ተቀበልሁ።

መንገድ ላይ ሙላት፣ «አንተ ጥይት ታውቃለህ፤ ይሆናል?» አለኝ።

«አባትህ ሰጥተውህ ይሆናል ወይ ትላለህ?» ብዬ አሾፍሁበት። አምስቱንም ለእሱ ሰጥቼ የራሴን ሁለቱን አጎረስሁ። ቀድሜ የምተኩሰው እኔ ነኝ፣ እሱ ጋ አይደርስም ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጤዛው ሳይረግፍ ዱካውን አገኘነው። የሰኮናው ጉድጓድ ውስጥ የገባው ውኃ ገና አልጠራም፤ ቅርብ ነው ማለት ነው። ነፋሱ ፊታችንን ይመታ ስለነበር ጠረናችን አልደረሰውም። እኔ ከላይ ዞርሁ፤ ሙላት ሸለቆው አፍ ላይ ቆመ። ከርከሮው ወደ እኔ ይወጣል ስል ወደ እሱ ወረደ።

ዐሥር እርምጃ ሲቀረው ሙላት ተኮሰ። ድምፁ ታፍኖ ወጣ። ከርከሮው ንቅንቅ አላለም፤ መጥቶ ጣለውና በክራንቻው ጭኑን ተረተረው። ሙላትን እንዳልመታ ፈርቼ እስክጠጋ ድረስ ሮጬ፣ ከርከሮውን ጆሮ ግንዱ ላይ ተኩሼ አስቀረሁት።

ቁስሉን በነጠላዬ አሰርሁለት፤ ማሽላ ጠባቂዎቹ ገበሬዎች በቃሬዛ ገደሉን አውጥተውት ሐኪም ቤት ደረሰ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ዳግመኛ አልተዘረጋም።

አያ ጫኔ ጠያቂ በተሰበሰበበት፣ «የአባቴ ጥይት አይስትም፤ የሳተው የልጄ እጅ ነው» አሉ። ሙላት አንገቱን ደፋ። እኔ አጠገቡ ነበርሁ፤ ቃል አልወጣኝም።

ዓመታት አለፉ። አያ ጫኔ ዐርፈው አርባቸው ከወጣ በኋላ ሄጄ ሁሉንም ለሙላት ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ እያነከሰ ገብቶ አንድ ባዶ ቀለህ አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ። አንገቱ ተሰንጥቋል።

«ያን ጊዜ ከጠመንጃዬ ያወጣሁት ነው። ጥይቱ ልኩ እንዳልነበረ ከዚያ ወዲህ አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ አባትህ በሰው ፊት ሲያሳፍሩህ ለምን ዝም አልህ?»

«አንተስ?»

ቀለሁ ይኸው፤ ከኪሴ አይለይም። በሉ፣ ቋጠሮውን ፍቱት።