ሐሙስ ትፈታለህ ያልኩት ሰው

ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ምላሴም አያርፍም። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ያቋቋሙት የሕሙማን ጠያቂ ማኅበር ነበረ፤ ደሞዝ የለው፣ ምስጋናም ብዙ የለው። ወላድና ወባ የያዘውን ሰው ማንም ይጠይቃል። እኛ የምንሄደው ጎረቤት ወደማይገባበት ጓዳ፣ አእምሮው ታመመ ተብሎ ወደታሰረ ሰው ነበር።

የምንሄደው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። የእኔ ጥንድ የማኅበሩ መሪ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ነበሩ። ከተማው ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፣ እማማ እንደማለት ነው፤ እኔም አዴ ነበር የምላቸው። አባቴ ከሸዋ የመጣ ስለሆነ የእኔ ኦሮምኛ ከገበያ የተለቀመ ነበር። አዴ በየመንገዱ ያርሙኛል፣ እኔ እናደዳለሁ።

የባሰ የሚያናድደኝ ግን ሰላምታቸው ነበር። ቤት ሲገቡ እናት ተነስታ፣ አጎት እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ሁሉንም አልፈው በታሰረው ሰው ፊት ቁጢጥ ይላሉ። «ኦቦ፣ አከም ጅርቱ?»፣ ጌታዬ እንዴት ነዎት፣ ብለው ስለ ጤናው፣ ስለ እንቅልፉ ይጠይቁና መልስ ይጠብቃሉ። እንዲያው ዝም ብለው ይጠብቃሉ! እግሬ እስኪደነዝዝ አብሬ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን «አዴ፣ ሰውየው እኮ አይሰማም» ብላቸው፣ «አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

ያ አይሰማም ያልኩት ሰው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቤታቸው በቡርቃ ጃቶ ሰፈር በኩል ነው። አንድ ክረምት እንቅልፍ አጣ፣ ሥራውን ትቶ መንገድ ለመንገድ መጮህ ጀመረ፣ በመጨረሻ የቤቱን ክዳን በእሳት ለኮሰው። ያን ጊዜ እናቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ብረት አስገብተው ከምሰሶው ጋር አሰሩት። እናቱን ጨካኝ አድርጋችሁ እንዳትይዙብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእጃቸው ሲያጎርሱት፣ ከእግሩ ሥር ሲተኙ የኖሩ ሴት ናቸው።

በየሳምንቱ እየሄድን ወደ አንድ ዓመት ተጠጋን። የክሊኒኩ ድሬሰር ክኒን ይሰጠው ጀመር፤ እንቅልፉም ተመለሰ። ከዚያ አንድ ቀን አዴ ሰላም ብለውት እንደልማዳቸው ሲጠብቁ፣ «ነጋ» አለ። በኦሮምኛ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። አዴ መንገድ ላይ ወጥተው አለቀሱ፤ እኔም አላስቻለኝም።

ቆየት ብሎ እናቱ ሊፈቱት ተስማሙ፤ የመጀመሪያውን ቀን ግን አብራችሁኝ ካልዋላችሁ ብለው። ለሐሙስ ተቀጣጠርን። እኔ በደስታ ዘልዬ ፊቱ ቆምኩና «ሐሙስ ትፈታለህ!» አልኩት። አዴ ወደ ውጭ ወስደውኝ፣ «ነግረሽዋል እንግዲህ፤ መቅረት የለም» አሉኝ።

ረቡዕ ዕለት አዴ፣ ቢላ በምትባል ከተማ የምትኖር እህታቸው ሞታባቸው ወደ ለቅሶ ሄዱ። በዚያው ቀን የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነገ ኢንስፔክተር ስለሚመጣ ማንም እንዳይቀር አለን። ምን ላድርግ? በዚያ በኩል ለምትሄድ አንዲት ጎረቤት፣ «ለእናቱ ንገሪልኝ፤ ሐሙስ አልተመቸኝም፣ ዓርብ እመጣለሁ» ብዬ ላክሁ። በእኛ አገር መልእክት ለቤቱ ትልቅ ሰው ነው የሚላከው። ወጉን ጠብቄአለሁ ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ ስሄድ እናቱ በር ላይ ነበሩ፤ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። ሐሙስ ማለዳ ውሃ አምጡልኝ ብሎ ታጠበ አሉኝ። ፍርድ ቤት ይለብሰው የነበረውን ኮት አስወጥቶ ለበሰና ወደ በሩ ዞሮ ተቀመጠ። እሳቸው መልእክቱ ደርሷቸዋል፤ ግን ይረበሽብኛል ብለው አልነገሩትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እግሩን ይጎትት ጀመር። ብረቱ ሥጋውን እስኪበላው ጎተተ፤ ሊይዙት ሲጠጉ በክርኑ መታቸው።

«ይኸው፣ ይኼን ነው ፍቺው የምትሉኝ?» አሉ እናቱ። «ከእንግዲህ አልፈታም!»

እሱ ኮቱን እንደለበሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እኔ እናቱን አጽናንቼ፣ እሱን ቀና ብዬ ሳላየው ወጣሁ።

አዴ ከለቅሶ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኢንስፔክተሩን፣ ዳይሬክተሩን፣ መልእክቱን። ራሴን እየተከላከልኩ እንደሆነ አሁን ነው የሚገባኝ።

«መልእክቱን የላክሽው ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለእናቱ።»

«የታሰሩት እናቱ ናቸው?»

ደሜ ፈላ። «እርስዎስ ለቅሶ ሄደው የለም እንዴ?» አልኳቸው፤ እህታቸውን ቀብረው ገና ለመጡ ሴት! እስከ ዛሬ ያን ቃል ባልተናገርኩት እላለሁ። አዴ አልተቆጡም። «ሂጂና ንገሪው» አሉ፤ «ለእናቱ አይደለም፣ ለእሱ።»

ሄድኩ። እንደ አዴ ፊቱ ቁጢጥ አልኩ። «ሐሙስ የቀረሁት እኔ ነኝ። ላንተ መላክ ሲገባኝ ላንተ አልላክሁም። አጥፍቻለሁ» አልኩት። ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም። በሳምንቱም ሄድኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱን ሙሉ ጭቃውን እያቦካሁ ሄጄ ሰላም እለዋለሁ፤ መልሱን እጠብቃለሁ፤ ሲመሽ እመለሳለሁ። ድሬሰሩ ቁስሉን ያጥባል፤ እኔ ሳህኑን እይዛለሁ። ሽታው አሁንም አይጠፋኝም። ያ ሰው እንደታሰረ ቢሞት በእኔ ነው እያልኩ ነበር የምኖረው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሰላምታዬን መለሰ። ከዚያ ወዲያ እናቱን ራሱ፣ ረጋ ብሎ፣ ፍቺኝ ይላቸው ጀመር። አንድ ቀን አዴና እኔ እንደተቀመጥን እናቱ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ለአዴ ዘረጉ። አዴ አልተቀበሉም። ወደ እሱ ዞሩና፣ «ኦቦ፣ ማን ይፍታዎት?» አሉት።

አዴ ጠበቁ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ ምነው ውጭ በሆንኩ እል ነበር።

ቀና ስል እግሩን ወደ እኔ ዘርግቷል።

ቁልፉ ዝጎ ስለነበር በግድ አዞርኩት። የዚያ ቁስል ጠባሳ አብጦ ብረቱን ይዞታል። ብረቱን ስጎትት ትከሻዬን በእጁ ነካ አደረገኝ።

«ቀስ በይ» አለኝ፤ «በዚህ በኩል አሁንም ያመኛል።»