መስቀል የማያሳልሙበት መንገድ

እናቴን ውባንተን ላሊበላ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ «የቄስ ምስጋኑ ሚስት» ነው የሚላት። እኔ ልጇ ሰብሌ ግን በስሟ ትጠራ ባይ ነኝ፤ አባቴን በእግራቸው ያቆመቻቸው እሷ ናትና።

የአተት ዓመት ነበር፤ ተቅማጡና ትውከቱ ከሰፈር ሰፈር የሚዞርበት። አባቴ ክረምቱን ርጥብ ድንጋይ አዳልጧቸው እግራቸው ተሰብሮ፣ ጄሶው የተፈታላቸው መስከረም ሲጠባ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ ካልተራመዱ ጉልበትዎ ይደርቃል አላቸው። የጤና ባለሙያዋ ንጋት ደግሞ በሽታው እስኪጠፋ እጅ አትጨባበጡ፣ መስቀልም አትሳለሙ ብላ ቤት ለቤት ዞራ ተናገረች። አባቴ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በገና ጠዋት ከቤተ ማርያም በላይ፣ ከገደሉ አፍ፣ ከካህናቱ ጋር ቆሞ ማሸብሸብ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀርተው አያውቁም።

የመጀመሪያው ቀን መስቀላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ወጡ። ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው «ይባርኩኝ አባቴ» አሏቸው። አባቴ መስቀሉን አወጡ፤ ምን ያድርጉ። ከአሮጊቷ ኋላ ሌሎች ሦስት ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ቤት ተመልሰው «መስቀል ከልክዬ ቄስ ነኝ አልልም፤ በሽታም በእጄ አላድልም» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ግቢያችን ቁልቁለት ጥግ ላይ ናት፤ ዞር የሚባልባት ቦታ የላትም። በዐሥር ቀን ጉልበታቸው እንደ ደረቀ ቁርበት አልታጠፍ አለ።

እናቴ ተናደደች። ማጭዷን ይዛ ሰው የማይበዛበት መንገድ ፍለጋ ወጣች። የወንዙን መንገድ ልብስ አጣቢ ሞልቶታል፤ የተራራውን ተሳላሚ። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ የወይራ ደን ጀርባ፣ ቦኖ ሳይገባ በልጅነቷ ውሃ የቀዳችበትን መንገድ አገኘችው። እሾህ ውጦታል። ሦስት ቀን መነጠረችው፤ ክንዷ ተቧጭሮ ተቧጭሮ አለቀ።

«ይነሡ፤ ሰው የሌለበት መንገድ አለ» አለቻቸው።

«ከየት የመጣ መንገድ ነው?»

«እርስዎ ብቻ ይነሡ።»

አደይ አበባው ከጉልበት በላይ ደርሶ ነበር። ከወፍ በቀር ድምፅ የለም። በእኛ አገር ቄስ በመንገድ የሚስቱን ትከሻ ቢይዝ መሳቂያ ነው፤ አባቴ ግን ግጥም አድርገው ያዙ፤ ማን ሊያያቸው። እኔ ከኋላ ስከተል ሁለቱ ሲሳሳቁ ሰማሁ። በዕድሜዬ እንዲያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ጥቅምትን በእሷ ትከሻ፣ ኅዳርን በመቋሚያቸው ዘለቁት።

በገና ጠዋት አባቴ ከገደሉ አፍ ቆመው ሲያሸበሽቡ ነጠላዬ እስኪርስ አለቀስሁ። በእናቴ ኮርቼ ነው። አጠገባችን የነበረችው ጎረቤታችን ባንችይርጋ «ቅዱስ ላሊበላ አቆማቸው» አለች።

እናቴ ዓይኗን ከላይ ሳትነቅል «እሱማ አለበት» አለቻት። «መንገዱን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ።»