እስከ ደጃፌ የደረሰ ኢንተርኔት

ከደሴ የወጣሁ ዕለት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጎረቤት ሁሉ በሻማ ተሰብስቦ ይመክረኛል፤ አንዱ አረብ አገር ይሻላል ይላል፣ ሌላው እዚሁ ቆይ። እናቴ ዳቦ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ለአረብ አገር ደላላ የሚሆን አቅም ስላልነበረን በጅግጅጋ አድርጌ፣ ድንበሩ ላይ ባለችው ውጫሌ በእግሬ ተሻግሬ ሐርጌሳ ገባሁ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ ሐርጌሳ ሲባል ባሕር የሚታያችሁ፣ ባሕሩ ሌላ ከተማ ነው። እዚህ ያለው ነፋስና አቧራ ነው። ላሆህ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ሲያዩት እንጀራ ይመስላል፣ ሲቀምሱት ግን አይኮመጥጥም፣ ስኳር ስኳር ይላል። ፓስታውን ከሙዝ ጋር ያቀርቡልሻል። መጀመሪያ ሳየው እንባዬ መጣ፤ አሁን ሙዙ ሲቀር የምጠይቀው እኔ ነኝ።

የምኖረው ዳሚ የሚባል ሰፈር ነው፣ በየክፍሉ ሐበሻ የተከራየበት ግቢ ውስጥ። ቀን ቀን «26 ጁን» በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ። መንገድ ላይ ልጆች «ሐበሺ» እያሉ ይከተሉናል፣ ሲላቸውም ጠጠር ይወረውራሉ። ትልልቆቹ ቆመው ያያሉ እንጂ አይከለክሉም።

ከዚህ ሁሉ የባሰብኝ ግን የስልኩ ነገር ነበር። የምገዛው ዳታ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ተባብለን ሳንጨርስ ያልቃል። ከመጣሁ ጀምሮ የእናቴን ፊት አላየሁም። የግቢው ሰዎች ተመካከርንና አንድ የኢንተርኔት መስመር አስገብተን እንካፈለው አልን፤ እንደዚያ ከሆነ ለሁላችንም ይረክሳል። ሶማልኛ ስለምሞክር መስመሩን ወደሚያስገባው ድርጅት ቢሮ የላኩት እኔን ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት የስደተኛ ወረቀቴን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው።

«ይሄ መታወቂያ አይደለም። ኢንተርኔት ለምን ፈለግሽ?»

«ቤተሰቤን ለማየት።»

«ለእሱማ አውቶብስ አለ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? የዚህ አገር ተወላጅ ዋስ አምጪ ብሎ ሸኘኝ። አከራያችንን ጃማን ለመንኩት። ሐበሻ ኢንተርኔት ካገኘ ወንድሙን ይጠራል፣ ወንድሙ ደግሞ ጓደኛውን፣ ግቢዬ መቆሚያ አይኖረውም አለ። ሽቦ ጣሪያዬን ከነካ ዕቃችሁን ውጭ ታገኙታላችሁ ብሎም ጨመረበት።

በመጨረሻ በስሟ ያወጣችልን በአጥር የምንዋሰናት ሳህራ ናት። ሳህራ የዚሁ አገር ተወላጅ ናት፤ ቤተሰቧ ግን ከጥንት ቆዳ ሠሪ ስለሆነ ሌላው ጎሳ አይጋባቸውም፣ ቤታቸው ገብቶም ውሃ አይጠጣም። እሷም ብትሆን የምትወደን እንዳይመስላችሁ። ልጇ የኮሌጅ ትምህርቷን በኢንተርኔት መከታተል ፈልጋ፣ ክፍያው ለብቻቸው ከብዷቸው ነው።

«ዋይፋዩ እኔ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። ከእናንተ ማንም ቤቴ አይገባም» አለችኝ። ተስማማን።

ኔትወርኩ ከሳህራ ጣሪያ አጥሩን ተሻግሮ ግቢያችን መሃል ድረስ ይመጣል። የክፍሎቻችን ግንብ ወፍራም ስለሆነ ግን ከደጃፍ አያልፍም። ስለዚህ ሁላችንም ደጅ ቆመን ነው የምናወራው፤ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ጃማም ዋይፋዩ በተከፈተ ዕለት ጠዋት መጣ። ይቅርታ የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ፓስወርዱን ጠየቀኝ። ስዊድን ያለ ልጁን ሊያይበት ነው። ወንበሩን አውጥቶ መሃል ላይ ተቀመጠና ከሁላችንም በላይ የሚጮኸው እሱ ሆነ።

እኔ የዚያን ዕለት ማታ ከሥራ እንደገባሁ ልብሴን ሳልቀይር ደወልኩ። እህቴ ስልኩን ለእናቴ ያዘችላት። ከስታለች፣ የፊት ጥርሷም ወልቋል። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ዓይኗን ልብሴ ላይ ተክላለች።

«ምንድነው የለበስሽው?» አለችኝ።

እዚህ ሴት ሁሉ፣ ክርስቲያንም ብትሆን፣ ከራስ እስከ እግሯ ሳትሸፈን መንገድ እንደማትወጣ አስረዳኋት።

«ማተብሽስ?»

«አለ እማዬ፣ ከውስጥ ነው።»

«ግለጪውና ልየው።»

ጃማ ወንበሩ ላይ ነው፣ ሌሎች ወንዶችም አሉ። እሱ ፊት አንገቴን ብገልጥ በዚያው ከግቢው መባረሬ ነው። ቆይ እማዬ፣ ቤት ልግባ ብያት ገባሁ። በሩን ዘግቼ ሻሹን ፈታሁ፣ ክሩን በጣቴ ስቤ ወደ ስልኩ አስጠጋሁት። ይኸው፣ አየሽው? እላለሁ። የእናቴ ፊት አይንቀሳቀስም። ለካ መስመሩ ተቋርጧል።

ተሸፋፍኜ ወጥቼ መልሼ ደወልኩ። እህቴ ብቻዋን ነበረች።

«ዘጋችብኝ ብላ ገባች» አለችኝ።

የአንገቴን ፎቶ አንስቼ ላኩላት። እህቴ አሳየቻት፤ እናቴ ግን የድሮ ፎቶ ነው ብላ መለሰችው።

አሁንም በየእሁዱ እደውላለሁ። እህቴ ስልኩን ወደ ጓዳ ስታዞረው የእናቴ የነጠላ ጫፍ ይታየኛል። እማዬ እላለሁ፤ ጫፉም ይሄዳል።