ለእንግዳ የታጠበው ጉድጓድ

የማንቂያውን ሽቦ ቆርጣችሁ ነው ፍተሻውን ያለፋችሁት የምትሉ የሰበታና የቡራዩ ማደያ ልጆች፣ እስቲ አንዴ ዝም በሉና ስሙኝ። ማን ነው የቆረጠው? እኔ? እኔ እኮ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ። የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ ባውቅ ኖሮ ኢንጂነር እሆን ነበር፣ እናንተም ጋሼ ትሉኝ ነበር። እኔ ነዳጅ ቀጂ ነኝ። በሱሉልታ መስመር ግን እንደኔ ያለ ቀጂ የለም፣ በዚህ አልከራከርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማደያችን መሬት ውስጥ ለተቀበረው ታንከር አዲስ መቆጣጠሪያ አስገባ። ድሮ ረጅሙን ዘንግ ወደ ታች እየሰደድን፣ የቤንዚን ሽታ እየማግን ነበር የምንለካው። አሁን ቢሮ ያለች አንዲት ሳጥን ምን ያህል እንደቀረ ትናገራለች። ታንከሩ አናት ላይ ደግሞ ቧንቧዎቹ የሚገናኙበት ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ነዳጅ ከፈሰሰ ወይ ውሃ ከገባ ትጮሃለች። ከማደያው ዝቅ ብሎ ሰፈሩ የሚጠጣው ምንጭ ስላለ፣ ሳጥኗ ተፈትሻ ሰርተፍኬት እስክታገኝ እንዳትሸጡ ተብለን ተዘግተናል። ማናጀሩም ዛሬ ካላለፍን ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ብሎናል። ቀጂ ሳይቀዳ ምን ይበላል?

ኢንስፔክተሯ በጠዋት መጣች። ገና ከመኪናዋ ስትወርድ ሳጥኗ እሪ አለች። በሱሉልታ ብርድ ላብ ያጠመቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ተኝቷል።

ማናጀሩ ማንም ሳይጠይቀው ዝናብ ነው፣ ሲዘንብ አደረ አለ። እኔን ደግሞ ወደ ሳጥኗ ሽቦ በዓይኑ ጠቀሰኝ፣ ቁረጠው ማለቱ ነው። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። እሷ ረጋ ብላ፣ ዝናብ ከገባ ክዳኑ ያፈሳል ማለት ነው፣ ክዳኑ ለሚያፈስ ማደያ አልፈርምም፣ አስቀይራችሁ እንደገና ተራ ጠብቁ አለች። ቡራዩ ሌላ ማደያ ይጠብቃታል። ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ያኔ ዘበኛችን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ኦቦ ነው የምንላቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ፊቷ ቆሙ።

"ዝናብ አይደለም ልጄ። እኔ ነኝ" አሉ።

እሷ መጀመሪያ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። ከዚያ "ክዳኑን ከፍተው ነው ውሃ የጨመሩት?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"አሁን ከመድረስሽ በፊት በውሃ ጎማ አጠብኩት። ኬሱማ፣ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ሌላ እንግዳ ደጁን ነው የሚያየው፣ አንቺ የምታዪው ይሄን ጉድጓድ ነው አሉኝ። ታዲያ ቆሽሾ ይጠብቅሽ?"

ሳቄን ልውጥ ስል አነቀኝ። እሷ ግን እየሳቀች ከመኪናዋ ጄሪካን አወጣች፣ ውሃ ሙሉ።

"እኔም ሳጥኗን ላስጮህ ውሃ ይዤ ነበር የመጣሁት። አባባ ቀደሙኝ" አለች።

ለካ ፈተናው ራሱ ይሄ ነው። ውሃ ነክቷት ካልጮኸች ነው የምትወድቀው። የቀረው፣ ጉድጓዱ ሲደርቅ ዝም ማለቷንና የተዘጋው ክዳን ውሃ አለማስገባቱን ማየት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው፣ የእውነት የምገባው። ጋዝ አለመኖሩን በመሳሪያዋ አይታ ጓንት ሰጠችኝ። በደረቴ ተኝቼ ጭንቅላቴን ዘቅዝቄ በጣሳ ቀዳሁ፣ የተረፈውን በገዛ ሹራቤ አደረቅኩት። ሹራቡ አሮጌ ነበር እያላችሁ ቡራዩ ላይ የምታወሩትን ሰምቻለሁ። አዲስ ነበር። ሳጥኗ ዝም አለች። ክዳኑ ተዘጋ፣ ጄሪካኑ ላዩ ላይ ተገለበጠ፣ ሲከፈት ጠብታ የለም። ፈረመች።

እሷን አመሰግናለሁ፣ መኪናዋን አስነስታ መሄድ ትችል ነበር። ኦቦን ግን እንዴት ብዬ ላመስግን? ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ከሥራ ሊባረሩ እንደሚችሉ እያወቁ ነው ኮፍያቸውን ያወለቁት። እኔ ቀኑን ሙሉ ሳወራ እውላለሁ፣ እንጀራችንን ያቆየልን ግን የሳቸው አንድ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ስገዛ ለሳቸውም እገዛለሁ፣ እሳቸውም ትኩስ አይደለም ብለው ይቆጡኛል።

ካላመናችሁ ታክሲ ያዙና ኑ። ስንከፍት መጀመሪያ የቀዳሁለትን የባጃጅ ሹፌር ጠይቁት፣ ያለ ሹራብ ስንቀጠቀጥ ቆሞ ሲስቅብኝ ነበር። ማናጀሩን ጠይቁ። ኦቦን ራሳቸውን ጠይቁ፣ ብቻ እንግዶች ነን እንዳትሏቸው፣ ጉድጓዱን ያጥባሉ።