ከኤ የተነሳው ቀስት

ጎሚስታ ነኝ። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ እለጥፋለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ቀሪውን የተማርኩት ከአሮጌ መጻሕፍትና ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ነው። በዚህ መንገድ ያገኘሁትን እውቀት እንደ ርስት እይዘዋለሁ። ሴት ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ፊዚክሷን እኔው ላስጠናት ወሰንኩ። ሌላ የማወርሳት ነገር አልነበረኝም።

ቬክተር መቀነስ ላይ ስንደርስ፣ የጎማ ቀዳዳ ላይ ምልክት በማደርግበት ጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ሁለት ቀስቶች ሣልኩ። አንዱን ኤ፣ ሌላውን ቢ አልኩት።

“ከኤ ላይ ቢን ቀንሺ ነው የሚልሽ። ስለዚህ ከኤ ጫፍ ተነሺና ወደ ቢ ጫፍ ሂጂ።”

“አባዬ፣ ቲቸር ግን ከቢ ተነስታችሁ ወደ ኤ ነው ያለን።”

“‘ከኤ’ ተብሎ ከቢ የሚነሳ ሰው የት አየሽ? አማርኛም ጠፋሽ?”

“እሺ” አለችና እንዳልኳት ሣለች።

ከዚያ በኋላ በሰጠኋት ጥያቄ ሁሉ ቀስቱን ከኤ አስነሳች። እኔም “ጎበዝ” እላት ጀመር፤ ከአፌ ቶሎ የማይወጣ ቃል ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተሳቢ ሥር ገብቼ ክሪክ ሳስተካክል፣ እሷና የክፍል ጓደኛዋ ደጃፉ ላይ ያጠኑ ነበር። ጓደኛዋ ሳቀች።

“ይሄ ቀስት እኮ ተገልብጧል።”

“እሱ የአባዬ ነው። እዚህ የእሱን እስላለሁ፣ ፈተና ላይ የቲቸርን።”

“ፋዘርሽ የራሱ ፊዚክስ አለው በይኛ።”

“ቀስ በይ፣ ይሰማል።”

“ለምን አትነግሪውም?”

“ማን፣ እኔ? አታውቂውም እንዴ።”

ሲሄዱ ጠመኔውን አነሳሁ። የተቀነሰ ነገር ልክ መሆኑ የሚታወቀው መልሰው ሲደምሩት ነው። የእኔን ቀስት ከቢ ጫፍ ላይ ቀጠልኩት፤ ኤ ላይ መድረስ ሲገባው ከኤ እየራቀ ወደ ግድግዳው ሄደ። አዙሬ ሣልኩት። ኤ ጫፍ ላይ ዐረፈ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ኤ ማይነስ ቢ ይላል እንጂ “ከ” የሚባል ነገር የለበትም። እሷን ፊደል ያመጣኋት እኔ ነኝ፣ ስተረጉም።

መሳሳት ብርቄ አይደለም፤ የለጠፍኩት ጎማ ሲያፈስ ፈትቼ እንደገና እለጥፋለሁ። ያንገበገበኝ ልጄ እያወቀች እንደ ሕፃን ስታባብለኝ መክረሟ ነው። ልጅ ወላጁን መፍራት አለበት እላለሁ፤ ዛሬም ከዚህ ንግግሬ አልመለስም። ግን ፍርሃት ከልክ ሲያልፍ ውሸት ጨዋነት መስሎ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። የእኔ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠራኋት። ሁለቱን ቀስቶች ሣልኩና ጠመኔውን ሰጠኋት።

“ከኤ ላይ ቢ ሲቀነስ፣ ቀስቱ ከየት ነው የሚነሳው? የምታውቂውን ንገሪኝ።”

ስዕሉን አላየችም፤ የእኔን ፊት አየች።

“ከኤ ነው፣ አባዬ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አዎ።”

ጠመኔውን ተቀብዬ ከቢ ወደ ኤ አሰመርኩ።

“ተሳስቼ ነበር። ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ” አልኳት።

ጎንበስ ብላ መስመሩን አየች፤ ከዚያ ደግሞ ቀና ብላ ፊቴን።

“እሺ” አለች። ቀስቱን ከኤ አስነሺ ባልኳት ቀን ያለችው ያው እሺ ነበር።