ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሰጠኋት ሽሮፕ

እናቴን መጀመሪያ የያዛት ሳል ነው። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቁስቋም ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ደረቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የለውም። ማታ ራሷን አመማት፣ ትንሽም አተኮሳት። ጉንፋን ነው አልኩ። እውነትም ጉንፋን ነበር። ሞት አፋፍ ያደረሳት ግን ጉንፋኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እናት ወይም አባት እያስታመማችሁ እንደ እኔ "አውቃለሁ" ለምትሉ ሰዎች ነው።

ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። ምላሴ ረጅም ነው፤ ደንበኛም ይሁን ጎረቤት አመመኝ ካለ መድኃኒት ሳላዝለት አይሄድም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ሲለኝ፣ ለጉንፋን ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁበት።

በማግስቱ ማለዳ ፋርማሲ ጎራ ብዬ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ገዛሁ። ፋርማሲስቷ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ አለችኝ። የታክሲው ሰልፍ እየረዘመ ስለነበር ቸኩዬ የለም አልኳት። ግን ነበር። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ፓራሲታሞል ትውጣለች። ያ ለእኔ የጉልበት ክኒን እንጂ መድኃኒት አልነበረም።

ሽሮፑ ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ የያዘ ነው፤ ሳል የሚያስታግስ ዴክስትሮሜቶርፋንና ሕመምና ትኩሳት የሚያበርድ ፓራሲታሞል። ይህ ሁሉ ጀርባው ላይ በደቃቁ ተጽፏል። እኔ ያነበብኩት ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ብቻ ነው።

እናቴ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። የንስሐ አባታችን ለታመመ ሰው እንደማይገደድ ቢነግሯትም አልሰማችም። እኔም ተንበርክኬ በመለመን ፈንታ ብልሃት ፈጠርኩላት። በቀን ሦስት ጊዜ ይላል አይደል? ሦስቱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደረግኋቸው። ጾሟን እንደፈታች አንድ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ስትተኛ አንድ። ራስ ምታቷ ስለጠናባት ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ሁለት ፍሬ የጉልበቷን ክኒን ጨመርኩላት። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሱቄን ዘግቼ ዳገቱን እየሮጥኩ እወጣ ነበር። እንደ እኔ ያለ ልጅ የት ይገኛል እያልኩ በልቤ እመጻደቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሳሉ ቀለል አለላት። ሐሙስ ዕለት ግን ምግቡን ገፋችው፣ ማቅለሽለሽ ጀመራት። ትፈዝዛለች፣ ስትነሳ ያዞራታል። ዓርብ አስመለሳት፣ በቀኝ በኩል ከጎድኗ ሥር አመመኝ አለች። ባዶ ሆድሽን ስለዋልሽ ነው አልኳት። መድኃኒቷንም ሰጠኋት።

ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን ገለጥኩ። ዓይኗ ቢጫ ነበር። ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። አላወቀችውም። ሰሎሞን መኪና ለምኖ መጣ። ተሸክመናት ወጣን።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያየን ዶክተር ወጣት ነው። ምን ምን መድኃኒት እንደወሰደች ጠየቀኝ። ሰሎሞን አጠገቤ ቆሟል። የሳል ሽሮፕ ብቻ፣ እሱንም አንድ ሁለቴ አልኩ። ዋሸሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ስንቱን ስመክር ኖሬ የእናቴን ደበቅሁ።

ደም ወሰዱ። ኤ.ኤል.ቲ. የሚባለው የጉበት ኢንዛይሟ እጅግ ከፍ ብሏል። አይ.ኤን.አር.፣ ማለትም ደሟ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ መለኪያ፣ አሻቅቧል። የጉበት ቫይረስ ጠረጠሩ። ያንን ሲመረምሩ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት አለፈ። አምስት ሰዓት ሙሉ አፌን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። ቫይረስ አልተገኘም። አልጋዋ አጠገብ ጎንበስ አለና፣

"እማማ፣ ለራስ ምታት ወይ ለጉልበት የወሰዱት ክኒን አለ? ካለ የሚያረክሰው መድኃኒት አለ። ካላወቅን ግን መርዳት አንችልም" አላት።

እናቴ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች እንጃ።

"እኔው ነኝ" አለችው። "ልጄ ሳታየኝ እያወጣሁ ዋጥኩ። እሷ ምንም አታውቅም።"

ጠዋት ቀኑን ያላወቀች ሴት። ውሃ ጠብ አድርጋ ጾሟን የማታፈርስ ሴት። ለእኔ ብላ ዋሸች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አይደለችም ዶክተር" አልኩ። "እኔ ነኝ የሰጠኋት።"

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሰዓቱን፣ ሽሮፑን፣ ክኒኑን። ሰሎሞን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዶክተሩ ወረቀት ላይ ደመረው። አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

"በየቀኑ፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ ስድስት ግራም ፓራሲታሞል ሰጥተዋቸዋል" አለኝ። "ለጤነኛ ጎልማሳ እንኳ በሃያ አራት ሰዓት ከአራት ግራም አያልፍም። እሳቸው አርጅተዋል፣ ቀጭን ናቸው፣ ይጾማሉ፤ ለእሳቸው ከዚያም ያነሰ ነው። ጠዋት ነግረውኝ ቢሆን ጠዋት እንጀምር ነበር።"

መድኃኒቱ አሴቲልሲስቲን ይባላል። ሰሎሞን በየፋርማሲው ዞሮ እኔ ባጠፋሁት አምስት ሰዓት ላይ ሌላ ሁለት ሰዓት ሳይጨምር አገኘው፤ ዕድል ነው። በግሉኮስ ሰጧት። ሁለት ቀን ሙሉ ትድን አትድን አልታወቀም። ሰሎሞን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ቀን አይ.ኤን.አሩ መውረድ ጀመረ፣ እናቴም ስሜን ጠርታ አጥሚት አምጪልኝ አለችኝ፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ጉበቷ ቀስ በቀስ እያገገመ፣ የዓይኗ ቢጫ እየሳሳ፣ መጀመሪያ ተደግፋ ቀጥሎም ብቻዋን እስከ መስኮቱ እየተራመደች፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ቤታችን ገባን።

ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ። እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ አሏት። አንዷ ዓይን ነው አለች፤ ሌላዋ የእግዜር ፈተና ነው አለች። እናቴ ጉበቴ ነው አሉኝ ብላ ወሬ ቀየረች። አሁንም እየሸፈነችኝ ነው። ሰፈሩን ሁሉ የማክም ሴትዮ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ ያዘዝኩላት መድኃኒት ነው የመረዛት ብዬ ተናገርኩ። አንገቴን ደፋሁ።

ባለ ሱቋ ዘይነባ ብቻ የቱ ሽሮፕ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመዋል። ባሏ ያስለዋል፤ እሷም ቀን ስለሚጾም የቀኑን ሽሮፕ በሙሉ ከመግሪብ እስከ መኝታ ትሰጠዋለች፣ ለራስ ምታቱ ደግሞ ክኒን። ሄዳ ሁለቱንም አመጣቻቸው። በዚህ ዕድሜዬ መነጽር ተውሼ የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩላት። ሁለቱም ላይ ፓራሲታሞል ይላል። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመረመረችው፤ ገና ሁለተኛ ቀኑ ስለነበር ደህና ነው ተባለ።

እንግዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ የእኔ አይደለም፣ የዶክተሩ ነው። ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አንብቡ፣ ካልቻላችሁ ፋርማሲስቱን አስነብቡ። የአንድ መድኃኒት ስም ሁለት ቦታ ካያችሁ አንዱን ተዉት። ሦስት ጊዜ ማለት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ተራርቆ ነው፤ ጾም ካለ ሐኪምም የንስሐ አባትም ይጠየቁ። አረቄ ከቀመሳችሁ ወይም ጉበታችሁን ካመማችሁ ፓራሲታሞልን ሳትጠይቁ አትንኩ። ለድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳል ማስታገሻውንም ሳያማክር አይጠጣ። ልኩ ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ እንጂ በቤት ማንኪያ አይሁን። የበዛ ከመሰላችሁ ቢጫ እስኪታይ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሂዱ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ደግሞ አትዋሹ። ሐፍረት ሰው ይገድላል።

ያን ወጣት ዶክተርና ሌት ተቀን የተመላለሱትን ነርሶች እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሰሎሞንም ታርቆኛል፤ አንዳንዴ ይቀልድብኛል፣ ይገባኛል።

እናቴ ዛሬም ጉልበቷን ያማታል። ሐኪም የፈቀደላትን ክኒን ይዤ ስቀርብ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እጇን ትዘረጋለች። እንደዚያ ማመኗ ነው ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ። ክኒኑን እጄ ውስጥ እይዘውና ጠይቂኝ እላታለሁ። እስክትጠይቀኝ ድረስ አልሰጣትም።